አያ ጅቦን ማዕረጉን ለመግፈፍ የተደረገ ስብሰባ

ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር ካለው ሾላ ሥር። ከተጠሩት አሥራ ሁለት አባላት የተገኙት አራት ናቸው። የቀሩት «አሞናል» ብለው ስለ ላኩ ሕመማቸው እንደ ድምፅ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።

የተገኙ፦ ባላምባራስ ተሰማ፣ ሰብሳቢ፤ አቶ ጀይላን፣ የግመል ነጋዴ፤ ወይዘሮ ትርንጎ፣ የቀወት ገበሬ፣ ባለ አንድ አህያ፤ ወይዘሮ ሐምዲያ፣ የእስረኛው የአቶ ሷሊሕ ሚስት። በታዛቢነት አቶ ወንድሙ፣ የጣሊያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ። ጸሐፊ እኔ ለማ፣ ፊደል አውቃለሁ ያልኩበትን ቀን እየረገምኩ።

፩ኛ. የስብሰባው ምክንያት። ሰብሳቢው እንደ ገለጹት አቶ ሷሊሕ ተረተኛው ገበያ መሐል ተረት ሲያወራ ተይዞ በጣሊያኑ መጋዘን ታስሯል። ተረቱ አያ ጅቦ እመት አህያ ቤት በእንግድነት ገብቶ «ቤትሽን ላቀናልሽ መጣሁ» እያለ ውርንጭላዋን የበላበት ነው። አቶ ወንድሙ «አያ» የአክብሮት መጠሪያ መሆኑን ሲያስረዷቸው ካፒቴኑ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ለአውሬ ማዕረግ ተሰጥቷል፣ በጅቡም ስም ሹም ተሰድቧል ብለው ተቆጥተዋል። የትኛው እንስሳ በምን ማዕረግ መናገር እንደሚችል ይህ ጉባኤ ዛሬውኑ ካልወሰነ፣ ሷሊሕ ከቀትር በኋላ በሚነሣው ካሚዮን ተጭኖ ደብረ ብርሃን ወህኒ ይወርዳል።

፪ኛ. ስለ ማዕረጉ። ሰብሳቢው «አያ» ቀርቶ ጅብ ብቻ ይባል አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ ተቃወሙ፦ «ሌሊት የሚያልፈው በእናንተ ደጅ አይደለም፣ በእኔ ነው። አያ እየተባለ እንኳ የአህያዬን ጆሮ ወስዷል። ብትገፍፉትማ ምኗን ሊተውልኝ ነው?» ከረጅም ውይይት በኋላ ማዕረጉ ቀን ቀን እንዲነሣ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲመለስለት ተወስኗል።

፫ኛ. ስለ ምትክ። ሰብሳቢው በጅቡ ፈንታ አንበሳ ይግባ ሲሉ፣ አቶ ወንድሙ ግራ ቀኙን አይተው፣ ስሙ የማይጠራው ንጉሥ ምልክት ስለሆነ ቃሉ አልተሰማም ተብሎ ይጻፍ አሉ። አልተሰማም። ግመል ሲጠቆም አቶ ጀይላን ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፦ «ግመሌ ከአሊዩ አምባ እስከ ካራቆሬ ጨው ስትሸከም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ዛሬ በሽማግሌ ፊት ሌባ ትባል?» የበግ ባለቤት በጉባኤው ስላልነበረ በግ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።

፬ኛ. ስለ ሙከራ። አቶ ሷሊሕ ለጣሊያን ባደረ በአንድ አስካሪ ወታደር ታጅቦ ቀርቦ የተሻሻለውን ተረት እንዲያወራ ታዘዘ። «በጉ እመት አህያ ቤት ገባ። ሣር በላ። ሄደ» አለ። ጉባኤው ጠበቀ። ሌላ የለም። አስካሪው ሳይፈቀድለት «ውርንጭላዋስ?» ሲል ጠየቀ። «ደህና ናት» ተባለ። «ታዲያ ይሄ ምን ይረባል!» ብሎ ተቆጣ። የሷሊሕ ፊት ጠቁሮ ስናይ ሁላችንም አዘንን፤ እኔም ማዘኔ ይመዝገብልኝ።

፭ኛ. የወይዘሮ ሐምዲያ ሐሳብ። እንዲህ አሉ፦ «በአገራችን የተሰደበ ሰው ሸንጎ ፊት ቆሞ "የተሰደብኩት እኔ ነኝ" ሳይል ክስ አይቆምም። ወላሂ ባሌ የሰው ስም አልጠራም። "ጅቡ እኔ ነኝ" የሚል ሹም ካለ ገበያው ፊት ይምጣና ይበል። ያኔ ባሌን ካሚዮኑ ላይ እኔው እጭነዋለሁ።» ሐሳቡ ተደግፎ አቶ ወንድሙ ለካፒቴኑ እንዲያደርሱ ታዘዙ። እኔን አትላኩኝ ብለው ለመኑ፤ ተላኩ። ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸዋል። ካፒቴኑ መጀመሪያ እንደ በርበሬ ቀሉ፤ ቀጥለው በመስኮት የገበያውን ሰው አዩ፤ በመጨረሻም «ጅቡ እኔ አይደለሁም፤ ጅቡ ጅብ ነው፤ ሰውየውን ልቀቁት» ብለዋል።

፮ኛ. የመጨረሻ ውሳኔ። ጅቡ ጅብ መሆኑን ካፒቴኑ ራሳቸው ስለ መሰከሩ ከዚህ በላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አያ ጅቦ ቀንም ሌሊትም አያ ነው። በጉ ከምስጋና ጋር ተሰናብቷል።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ካሚዮኑ ያለ ሷሊሕ ሲነሣ ተፈጽሟል። ማንም ግን ከሾላው ሥር አልተነሣም፤ ሷሊሕ ሲያዝ ካቋረጠበት ተረቱን ቀጥሎ ነበርና። «ቤትሽን ላቀናልሽ መጣሁ» ሲል ከሁሉ ቀድመው የሳቁት አቶ ወንድሙ ናቸው። ሳል ነው ተብሎ እንዲጻፍላቸው አመልክተዋል። ጉባኤው እንባቸውን እስኪጠርጉ ታግሶ፣ ሳል ነው ብሎ በሙሉ ድምፅ አጽድቆላቸዋል።