ከቪዲዮ ቤት የመጣ ትንፋሽ

ዓይን ምን ያህል ሆዳም እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሆድ እንኳ ሲሞላ በቃኝ ይላል። ዓይን ግን የቀረበለትን ሁሉ ይውጣል፤ የዋጠው የት እንደሚገባ፣ ገብቶስ ምን ሲሠራ እንደሚከርም ባለቤቱም አያውቀው። እኔ ለምሳሌ አላውቅም። ድሮ ግን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ እኛ መካኒሳ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። ከጥቂት አግዳሚ ወንበርና ከአንድ ቴሌቪዥን በቀር ምንም የሌላት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ነገር ግን ከእሷ የሚወጣው ወጣት የገባው ወጣት አልነበረም። የካራቴ ፊልም የታየ ዕለት እርግጫ ያልቀመሰ የቆርቆሮ አጥር አይገኝም። የህንድ ፊልም የታየ ዕለት ደግሞ ያ ሁሉ ረጋጭ ዓይኑ ቀልቶ፣ የአንዷን ኮረዳ በር እያየ ሲተክዝ ይውላል። እኔ እዚያው ሰፈር የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ከክፍል የሚጠፉ ተማሪዎቼ የሚገኙት እዚያ ስለሆነ ቪዲዮ ቤቱን እንደ ደመኛ ነበር የማየው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ተነስቼ “ትውልድ ገዳይ” እላለሁ፤ ይጨበጨብልኛል።

ከታዳሚዎቹ ዋነኛው ግቢ የምንጋራው ሙሉጌታ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ነጥብ ሳይመጣለት፣ ሥራም ሳያገኝ አራት ዓመት የተቀመጠ ጎረምሳ። የክብሪት እንጨት በከንፈሩ ጫፍ ሰክቶ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ነው የሚያናግራችሁ። እናቱ እማማ ደብሪቱ፣ “የሰው ልጅ በሐኪምነት ይመረቃል፤ የእኔው በተመልካችነት ተመረቀልኝ” ይሉ ነበር።

አንድ ቀን በር ላይ አስቆምኩት። “አንተ ሙሌ፣ ይሄን ሁሉ ፊልም አይተህ ለመሆኑ ምን ተማርክ?”

አሰብ አደረገና፣ “እኔም አላውቀው ጋሼ” አለኝ። ሳቅሁበት።

አንድ የክረምት ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ጎረቤታችን ጽጌ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ለማጠራቀም ለሁለት የተቆረጠ በርሜል መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ጽጌ ያጠበችውን ልታሰጣ ዞር ስትል፣ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጇ ሜሮን ከአጠገቧ የለችም። ቀጥሎ የሰማነውን ጩኸት አልገልጽላችሁም።

ስደርስ ልጅቱ ከውሃው ወጥታ መሬት ላይ ተዘርግታለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ደረቷ አይንቀሳቀስም። አንዱ “እግሯን ይዛችሁ ዘቅዝቋት!” ይላል። ሌላው “ሽንኩርት አሽትቷት!” ይላል። በዚህ በኩል “በስመ አብ”፣ በዚያ በኩል “በኢየሱስ ስም”። እኔስ? አሥራ አንድ ዓመት ሳንባን በባለ ቀለም ጠመኔ እየሣልኩ ያስተማርኩት ሰውዬ? አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። አየር ወደ ደም እንዴት እንደሚገባ ያን ሰዓት ብትጠይቁኝ ያለ ስህተት እመልስላችሁ ነበር። ወደዚህች ልጅ እንዴት እንደሚገባ ግን አላውቅም።

ሙሌ ሰዉን ገፍቶ ገባ። ተንበረከከ። አገጯን ቀና አደረገ፤ አፍንጫዋን በሁለት ጣቱ ያዘ፤ አፉን አፏ ላይ ገጥሞ ተነፈሰባት።

“ምን እያደረገ ነው?”

“ኧረ ያዙት፣ ልጁ አብዷል!”

እማማ ደብሪቱ ራሳቸው ኮሌታውን ጨምድደው ጎተቱት። “ሙሌ! ይሄ ፊልም አይደለም! ተው ልጄ፣ አታዋርደኝ!”

ሸሚዙ ሲቀደድ ሰማሁ። እሱ ዞር አላለም። ነፋ። በመዳፉ ደረቷን ጫን ጫን አደረገ። እንደገና ነፋ። ያን ጊዜ ያቺ ትንሽ ደረት ከፍ ስትል አየሁ። ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ የሣልኩት ነገር ነው! “ተዉት!” ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። በዚያን ቀን የሠራሁት ቁም ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ስንት ጊዜ እንደነፋ አልቆጠርኩም። ድንገት ልጅቱ ሳለች፤ ውሃ ከአፏ ወጣ፤ ከዚያ አለቀሰች። የሕፃን ልቅሶ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። እማማ ደብሪቱ የተቀደደውን ኮሌታ በእጃቸው እንደያዙ ቁጭ አሉ።

በታክሲ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ ልጅቱን ከመረመረች በኋላ፣ “መጀመሪያ የረዳት ማነው?” አለች። ሁላችንም ወደ ሙሌ ጠቆምን።

“የት ነው የተማርከው?”

“ቪዲዮ ቤት።”

የሚቀልድ መስሏት ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሙሌ ፊልም ማየት ተወ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተወም። ግን አንድ ጠዋት የባዮሎጂ መጽሐፌን ሊዋስ መጣ። ሳንባ ምዕራፍ ስንት ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። በዓመቱ ድጋሚ ተፈትኖ የጤና ረዳት ሥልጠና ገባ፤ ዛሬ ፉሪ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራል። እማማ ደብሪቱም ታናሽ ወንድሙ ደብተር ላይ ባፈጠጠ ቁጥር፣ “ኧረ አንተ ልጅ፣ ወጣ በልና ፊልም ነገር እይ” ይሉት ጀመር።

እኔ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሙሌ ለሰጠመ ሰው ትንፋሽ ሲሰጥ ያየበትን ያንን ፊልም አግዳሚው ሙሉ ሰው አይቶታል። ሌላው የዋናውን ተዋናይ አረማመድ ይዞ ሲወጣ፣ አንዱ ትንፋሽ ይዞ ወጣ። ማን መርጦ ሰጠው? ስብሰባ ላይ ተነስቶ መናገሩንም እርግፍ አድርጌ ተውኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙሌን ታክሲ ስንጠብቅ አገኘሁትና ስንት ጊዜ ምላሴ ላይ የቆየውን ጠየቅሁት። “ለመሆኑ ያ ፊልሙ ላይ የሰጠመው ሰውዬ ዳነ?”

ሳቀ። “አላየሁትማ ጋሼ። አዳኙ ሁለት ጊዜ እንደተነፈሰበት መብራት ጠፋ።”

“እና እንደሚያድን ሳታውቅ ነው?”

“ምኑን አውቄ!” አለኝ። “እማዬ ወዲያ ስትጎትተኝ እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ምናለ የዚችን እንኳ መጨረሻዋን ባይ።”