ቅቤ የለኝም ስትል ያመናት ሰው

በስልክ የሚያባብለኝ ሰው ሲገጥመኝ እጠራጠራለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ከእትዬ አየለች ተምሬ ነው።

እትዬ አየለች ሶዶ ገበያ ውስጥ ቅቤ ትሸጣለች። የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነች ውሸት አትናገርም። የግብር ቢሮ የቀን ገቢ ገማቾች መጡ ሲባል ግን በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ አንስታ አጠገቧ ላለው ጎማ ለጣፊ ታስረክባለች። ከዚያ «ሱቄ ውስጥ ቅቤ የለም» ትላለች። ዋሸች? ፈልጉ፤ የለም።

ጊዜው የስልክ ሂሳብ በሚፋቅ ካርድ የሚሞላበት ነበር። ለግፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አንድ ሳምንት ቀርቷል። የወላይታ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ይዘው ቅቤ የሚገዙት ያኔ ነው። በዚያ ሳምንት የተዘጋ ቅቤ ቤት ዓመቱን እንደተዘጋ ቁጠሩት። እኔ ስለ ቅቤ ዋጋ ልዘግብ ሱቋ ተቀምጫለሁ። ስልኳ ጠራ።

«ከግብር ቢሮ ነው» አለ አንድ ጎልማሳ ድምፅ። ስልኳ ስለሚጮህ እኔም እሰማለሁ። ውዝፍ ግብር አለብሽ፣ እስከ ቀትር ካልከፈልሽ ሱቅሽ ይታሸጋል አላት።

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? «አንዴ ቆየኝ ልጄ» ብላ ስልኩን አስቀመጠችና ቅቤውን ማጋዝ ጀመረች! ሰውየው በስልክ አያይሽም ልላት አፌን ስከፍት አንድ ጥቅል አሸከመችኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሰውየውም ጠበቀ። ሌባ ትዕግሥተኛ ነው።

ተመልሳ ስልኩን አነሳች። «ልጄ፣ ሱቄ ውስጥ ቅቤ የለም።»

«አይዞሽ እናቴ፣ ገበያው መሞቱን እናውቃለን። በቃ፣ የሞባይል ካርድ ግዢና እየፋቅሽ ቁጥሩን ንገሪኝ። የቀረውን እሰርዝልሻለሁ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

እኔ ንግግሬን አዘጋጅቻለሁ። ግብር በተፋቀ ካርድ አይከፈልም፣ የሚከፈለው በደረሰኝ ነው፣ የተጠራጠረ ሰው ስልኩን ዘግቶ ራሱ ቢሮ ሄዶ ይጠይቃል ልላት ነው። አላስጀመረችኝም።

«ይሄ ሌባ ነው!»

«በምን አወቅሽ?»

«አመነኛ! ይህን ሁሉ ዓመት ስነግድ፣ ግብር ሰብሳቢ አንድ ቀን አምኖኝ ያውቃል?»

የሱቁ መታሸግ ግን ከልቧ አልወጣም። ቢሆንስ? በባጃጅ ቢሮው ድረስ ሄድን። ባለሙያው መዝገቧን አገላበጠ። ውዝፍ የለባትም፤ የደወለላት ሠራተኛም የለም። እሷ በረጅሙ ተነፈሰች፤ እሱ አመሰገናት።

«ጎበዝ እናት ነሽ! በበዴሳና በተበላ ከተሞችም እንዲህ የተደወለላቸው ነጋዴዎች አሉ። ለእነሱም እንድንነግር፣ አንቺ በምን ነቃሽበት?»

ነጠላዋን ጎተትኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና። አልሰማችኝም።

«ሱቄ ውስጥ ቅቤ የለም ስለው አመነኛ!»

ባለሙያው ፈገግታውን ሳያጠፋ ብዕሩን አነሳ።

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

ነግሬያችኋለሁ፤ እትዬ አየለች ውሸት አትናገርም።

በሚቀጥለው ዓመት የቀን ገቢ ግምቷ ከፍ አለ። ጎማ ለጣፊውም ስለ ቅቤ ንግዱ ተጠየቀ።

እንግዲህ እናንተም ሲደወልላችሁ ዝጉት፣ ቢሮ ሂዱ፣ ጠይቁ። በምን አወቃችሁ ሲሏችሁ ግን፣ «በካርዱ» በሉ።