ሚስማር የማይመታበት ቤት

ሰሞኑን ከአሊዩ አምባ ገበያ ስመለስ፣ ጋሼ ሀሩን የአሮጌውን ቤት ግድግዳ የምትልስ ፍየል በዱላ ሲያባርሩ አየሁ። «ሂጂ! ቅርስ ነው!» ወዲያው ግራ ቀኛቸውን ቃኙና ማንም ያላያቸው መስሏቸው፣ ከኪሳቸው ጨው አውጥተው በመዳፋቸው አላሷት።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ተመስገን ነው። ሕግ አውጪው ራሱ የረሳውን ሕግ በቃሉ ይይዛል፤ ማንም ሳይሾመው ዘብ ይቆማል። የእኛው ክቡር የቅርስ ዘብ ግን ይብሳሉ፤ የሚጠብቁት የሚኖሩበትን ቤት ነው።

ቤቱን ያሠሩት የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው፤ ዛሬ በቅርስነት ተመዝግቧል። የጋሼ ሀሩንን ጎጆ ጎርፍ ሲወስደው፣ የወረዳው የቅርስ ጽሕፈት ቤት የኋላውን የጨው መጋዘን መኖሪያ እንዲያደርጉት ፈቀደላቸው፤ «ሳያስፈቅዱ አንዳች እንዳይለውጡ» በሚል ውል። ሌላው ቢሆን በሳምንቱ ሲሚንቶ ያራግፍ ነበር። እሳቸው ውሉን እንደ ዱዓ በቃላቸው ያዙት።

ስለዚህ በዚያ ቤት ሚስማር አይመታም። የቆላ ወባ ያለ አጎበር አያስተኛምና፣ አጎበራቸው የተወጠረው አሸዋ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ በቆሙ አራት እንጨቶች ላይ ነው። ጓዳውን ከመኝታው የሚለየው ቁም ሣጥን ነው። የልጃቸው ባል ፈይሰል የግድግዳ ሰዓት አምጥቶ መዶሻ ቢያነሳ፣ ግንባራቸውን አቀረቡለት። «መጀመሪያ እዚህ ምታ!»

ባለቤታቸው እትዬ ከዲጃ «ምነው እኔንም በቅርስነት ባስመዘገበኝ! እንዲህ ይሳሳልኝ ነበር» ይላሉ።

ዘንድሮ ግን እትዬ ከዲጃን ጉልበታቸው ከዳቸው። የበሩ ደፍ ክንድ ከፍታ ያለው ጥርብ ድንጋይ ስለሆነ መሻገር አቃታቸው። ወር ሙሉ ፀሐይ አልሞቁም። ፈይሰል «ድንጋዩን በመሮ ዝቅ እናድርገው» ሲል ጋሼ ሀሩን አልጮሁም። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱ። ይህን ስሰማ ፈራሁላቸው።

ትናንት እቤቴ መጡ። የሰፈሩን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ።

«ሙሉቀን፣ ለጽሕፈት ቤቱ ጻፍልኝ። ድንጋዩ አይነካም። ከውስጥም ከውጭም የእንጨት መወጣጫ ላስጠጋ፤ አንሳ ሲሉኝ የማነሳው።»

«እሺ ጋሼ። እትዬ ከዲጃ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ብዬ…»

«አይ፣ አይ! የታመመው የእኔ ጉልበት ነው በል። እሷ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ‹ሙቀቱ ነው የማያስወጣኝ› ነው የምትል። ቢሮ ለቢሮ ስሟ ሲነበብ ትሳቀቃለች።»

«ሐሰት አይሆንብዎትም?»

እኒያ ከውላቸው አንዲት ነጥብ የማያዛንፉ ሰው አቀረቀሩ።

«አላህ ይማረኝ። አንተም በሃይማኖትህ ጸልይልኝ። ብቻ ልጄ፣ ‹የሀሩን ጉልበት› ብለህ ጻፍልኝ።»