ከማርስ የመጣው ጨረርና የክበባችን ድል

ክበባችን ከተማችንን መካነ ሰላምን ከማርስ ጥቃት ያተረፈበትን ታሪክ እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ፈርሂያ ጀብሪል ነኝ። ርእሰ መምህራችን አቶ አምባቸው ቢሯቸው ጠርተው «ስለ መልካምነት፣ ስለ በይነ መረብ ደህንነትና ስለ መሠረታዊ ሳይንስ የተማርሽውን አካተሽ፣ ስኬት ስኬቱን ብቻ ጻፊ» ብለውኛል። እኔ የታዘዝኩትን የምፈጽም ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ ስኬቱን እንደወረደ አቀርባለሁ።

የክበቡ ሙሉ ስም «የመልካምነት፣ የበይነ መረብ ደህንነትና የመሠረታዊ ሳይንስ የተቀናጀ ክበብ» ይባላል። መጀመሪያ ሦስት ክበቦች ሊሆኑ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የተገኘው ባነር አንድ ብቻ ስለሆነ ተቀናጁ። በምረቃው ዕለት አቶ አምባቸው ማይክ ጨብጠው «የይለፍ ቃላችሁን ለወለደቻችሁ እናትም ቢሆን አትናገሩ» እያሉ ሲያስተምሩን፣ ጸሐፊዋ ዝናሽ መዝሙር ለማጫወት የእሳቸውን ስልክ ብትነካካ አልከፈት አላት።

«አራት ጊዜ ዜሮ ነው ዝናሽ» አሉ፣ ከማይኩ ፈቀቅ ሳይሉ።

ሜዳው ላይ የተሰለፍነው ሁሉ ሰማን። እስከ ዛሬ ማንም አልከፈተባቸውም፤ የመልካምነት ትምህርቱ ምን ያህል እንደገባን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታሪኩ የተጀመረው ሐሙስ ጠዋት ነው። የአቶ አምባቸው አማች በወግዲ መንገድ አይሱዙ ይነዳል። መኪናውን ጭቃ ሲይዘው ቁጭ ብሎ ስልኩን ያነባል፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አማችየው ምን ያህል ያነበበ ሰው እንደሆነ መገመት አያቅተውም። በዚያ ቀን ያነበበው እንዲህ ይላል፦ «አስቸኳይ! ነገ አርብ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከማርስ የተነሳ ኃይለኛ ጨረር ወደ ምድር ተጠግቶ ያልፋል። ስልካችሁን አጥፉ፣ ከሰውነታችሁም አርቁ። ለምትወዱት ሰው ሁሉ ላኩ።» አማችየው አቶ አምባቸውን ስለሚወዳቸው ላከላቸው።

አቶ አምባቸው ግን የሰሙትን ሁሉ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። መረጃ ከማሰራጨታችሁ በፊት አጣሩ ብለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እንዲጣራላቸው ወደ በላይ አካል ላኩት፤ ከግርጌውም ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ጻፉበት። የበላይ አካል መልእክቱ ከአንድ ርእሰ መምህር መምጣቱን ሲያይ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ተገነዘበ። ከላይ «ለጥንቃቄ» የሚል ቃል ጨምሮ ለትምህርት ቤቶች በሙሉ በተነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለአቶ አምባቸውም ተመልሶ ደረሳቸው፤ ከግርጌው የራሳቸው ስም አለበት።

«ተረጋግጧል» አሉ፣ ለመምህራኑ እያሳዩ። «ይኸው፣ የኃላፊ ስም ሰፍሮበታል።»

ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። እያንዳንዱ ተማሪ አርብ ጠዋት የቤተሰቡን ስልክ አጥፍቶ እንዲያመጣ፣ ስልኮቹም በመዝገብ ቤቱ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ እንዲቆለፍባቸው ተወሰነ። ወሬው ገበያ ሲደርስ ማርስ ብቻዋን መሆኗ ቀርቶ ጁፒተርም ተጨምራ ነበር።

እኔ የሳይንስ አስተማሪያችንን መምህር በእውቀቱን በረንዳ ላይ አገኘኋቸው።

«ቲቸር፣ ባለፈው ሳምንት ማርስ የራሷ ብርሃን የላትም፣ ከፀሐይ የምታገኘውን ነው የምታንጸባርቀው ብለውን ነበር። ታዲያ ይሄን ጨረር ከየት አመጣችው?»

መምህር በእውቀቱ ግራ ቀኙን አዩ። «ያ ትምህርት ነው ፈርሂያ። ይሄ መመሪያ ነው።»

«ፈተና ላይ ከመጣስ?»

«ፈተና ላይ የለም ብለሽ መልሺ። ነገ ግን ስልኩን ይዘሽ ነይ።»

ሳይንስን ከአስተዳደር ጋር ማቀናጀት ማለት ይህ እንደሆነ ያን ቀን ተረዳሁ።

ችግሩ አርብ ለኔ ሌላ ቀን መሆኑ ነው። እናቴ ኸዲጃ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አረፍ ብላ በኢሞ የምትደውልልን አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ማዳሟ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ ብቻ ነው። ኮንትራቷ አልቋል። ወይ ለሁለት ዓመት ታድሳለች፣ ወይ ትኬት ይቆረጥላታል፤ መልሱን አርብ ማታ ለማዳሟ ትሰጣለች። «እናንተ ተማከሩና አርብ ስደውል ንገሩኝ» ብላን ነበር። እኔና አባቴ ተማክረናል። እኔ «ትምጣ» አልኩ፤ አባቴም ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና «ትምጣ» አለ። ስብሰባችን ቃለ ጉባኤ አልነበረውም።

ዛሬውኑ እንጻፍላት ብዬ ለምኜው ነበር። አባቴ ግን እሺ አላለም።

«እንዲህ ያለ ቃል ተጽፎ አይላክም፣ የኔ እናት። ዱአ ተደርጎበት፣ ፊቷን እያየን በአፋችን ነው የምንነግራት።»

ሐሙስ ማታ መመሪያውን ስነግረው አባቴ ተጨነቀ።

«አባ፣ የኛን አንስጥ። እማ ትደውላለች።»

«ከመንግሥት የመጣ ነገር እኮ ነው ልጄ።»

«ትምጣ የምንላት በምን ሊሆን ነው ታዲያ?»

መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ «የኛ ተሰብሯል በያቸው» አለኝ። አባቴ ውሸት ሲያስተምረኝ የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ለአቶ አምባቸው ተሰብሯል ስላቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አየሽ፣ አንዳንድ ቤተሰብ ቀድሞ ነው የሚጠነቀቀው» አሉኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከተማው ጸጥ አለ። አባቴ ስልኩን በሩ አጠገብ ዱካ መቀመጫ ላይ አስቀምጦ እኔን ከጓዳው ግድግዳ ጥግ አስቀመጠኝ፤ እሱ በኔና በስልኩ መካከል ተቀመጠ። ጨረሩ ከመጣ እሱን እንዲያገኘው ነው። መልካምነት ምን እንደሆነ በክበቡ ብዙ ተነግሮኛል፤ ያየሁት ግን ያን ዕለት የአባቴ ጀርባ ላይ ነው። እጁን ዘርግቶ ዱአ ያደርጋል፣ ወደ ስልኩ ይመለከታል፣ እንደገና ዱአ ያደርጋል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አልጮኸም። አሥርም አለፈ። ማዳሟ ዛሬ አልወጣች ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አባቴ ተነፈሰ። «አልሃምዱሊላህ፣ አለፈ። በቃ አሁን ትከፍተዋለች።»

«ማን ናት የምትከፍተው?»

«እናትሽ ናታ። እሷስ ሰው አይደለችም? ማስጠንቀቂያውን ሐሙስ ከሰዓት ገበያ ላይ ሲልኩልኝ ነው ያስተላለፍኩላት። አጥፊው፣ እንዳትነኪው ብያታለሁ።»

ስልኩን አንስቼ «እማ ነይ» ብዬ ጻፍኩ። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ልጆቹ ሁሉ ከቁምሳጥኑ ስልካቸውን ተቀብለው፣ ከተማው በሙሉ መትረፉን ለዘመድ ለማብሰር በአንድ ጊዜ ሲከፍት ኔትወርኩ ተጨናንቆ ቆመ። «እማ ነይ» ሳይሄድ እየዞረ አደረ። እኔም አጠገቡ እያለቀስኩ አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የእናቴ የድምፅ መልእክት ገባ። «ፈርሂያዬ፣ ደህና ናችሁ? ጨረሩ ምንም አላደረጋችሁ? አባትሽ እንዳለኝ አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ማታ ብከፍተው ከናንተ አንድ ቃል የለም። ዝም ስትሉኝ፣ ቆዪ ለማለት አፍራችሁ ነው ብዬ ፈረምኩ። ወላሂ አልተቀየምኳችሁም።» አባቴ መልእክቱን ሦስቴ አስደገመኝና ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ።

ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ አቶ አምባቸው የክበቡን ሪፖርት አነበቡ። ክበቡ ባደረገው የተቀናጀ ርብርብ ጨረሩ አቅጣጫውን ሳይስት ከተማችንን አልፎ መሄዱን፣ አፈጻጸሙም መቶ በመቶ መሆኑን ገለጹ። «የተጎዳ ሰው፦ የለም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ለግልጽነት ያህል፣ በጨረሩ የተጎዳ ካለ እጁን ያውጣ።»

እጄን አወጣሁ።

ሜዳው ተንጫጫ። መምህር በእውቀቱ ሰልፉን ሰንጥቀው መጡና ግንባሬን ዳሰሱ፤ ዓይኔንም ገለጥ አድርገው አዩ።

«የት ላይ ነው የመታሽ?»

«ሪያድ ላይ» አልኳቸው። «ሁለት ዓመት።»

ከዚያ በአጭሩ ነገርኳቸው። መምህር በእውቀቱ አንገታቸውን ደፉ፤ ወደ መድረኩ ሄደውም ለአቶ አምባቸው በጆሯቸው ሹክ አሉ። አቶ አምባቸው ጥቂት አሰቡ፤ አዝነውም ነበር፣ ያን አልክድም። ከዚያ ማይኩን አስተካከሉ።

«ጉዳዩን ተመልክተነዋል» አሉ። «ሪያድ ከክበባችን የሥራ ክልል ውጪ ናት።»

ሪፖርቱም እንዳለ በጭብጨባ ጸደቀ።