ባለ አንድ ዓይን ዓሦች

መስታወት የሚያሳየን ፊታችንን ብቻ ስለሆነ ሁላችንም መልካችንን የምናውቅ ይመስለናል። ጎናችንን የሚያውቀው ግን ጎረቤት ነው። እናንተም ብትሆኑ አፍንጫችሁ ከጎን ሲታይ ምን ያህል እንደሚረዝም ጠይቃችሁ አታውቁም፤ ባትጠይቁም ይሻላል። እኔ የደረሰብኝ ባሕር ስሥል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብለ የምትባል፣ ባሕር ጠረፍ ሄዳ ስለ ባሕር ሕይወት ተምራ የተመለሰች የዳባት ልጅ፣ ደባርቅ ያለችው ትንሽ ሙዚየም አንድ ክፍል ለባሕር እንድትሰጥ መለመን ጀመረች። ያላላገጠባት የለም። እሷ ግን «ከዚህ የታጠበው ሁሉ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም ዓባይ፣ ዓባይም ባሕር» እያለች ኃላፊውን አሰለቸችው። በመጨረሻ «እሺ፤ ሽማግሌዎች አይተው ከገባቸው ይቀጥላል፤ ካልገባቸው ክፍሉ ተመልሶ የወንበር ማከማቻ ይሆናል» አላት። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር እንግዲህ፣ ግድግዳውን እንድሥል በጠራችኝ በእኔ ብሩሽ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ሥዕል የተማርኩት ከአባቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ግድግዳውን ሞላሁት። ኤሊ፣ ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅሉ የጠረፍ ዛፎች፣ ዓሣ በዓሣ ላይ። ዳር ላይ ደግሞ አንድ ጆንያ ፕላስቲክ ባሕሩ ላይ የሚደፋ ሰው አቆምኩ። መልኩን የሚያውሰኝ ስለጠፋ መስታወት ፊት ተቀምጬ የራሴን ፊት ሣልኩለት። ዓይኑንም ትንሽ አሳመርኩት። ምን ክፋት አለው?

የፈተናው ዕለት ከአምቢኮ የመጡት ቄስ፣ አባ ጥሩነህ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እኒህ ሁሉ ዓሦች ምን በድለው ነው ልጄ?»

«ኧረ የተበደሉትስ እነሱ ናቸው አባ!»

«ታዲያ ምነው ባንድ ዓይን ሣልካቸው? ይኸ ጻድቅስ ማን ነው? ምጽዋት ነው የሚሰጣቸው?»

ክው አልኩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእ ግን በጎኑ፣ ባንድ ዓይን። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሠራው ኖሬ፣ ዓሣን በጎኑ ስሥል ትዝ አላለኝም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው። የሰብለ ፊት አመድ መሰለ፤ ኃላፊው ክፍሉ ስንት ወንበር እንደሚይዝ በዓይኑ መለካት ጀመረ። አፈርኩ፤ ከሁሉ በላይ ለእሷ አዘንኩ።

«ለዓሦቹ ሁለተኛ ዓይን ልጨምርላቸው?» አልኩ።

«ባንድ ጎን ሁለት ዓይን? ጋሼ፣ እንዲህ አድርገህ ከምትሥል ክፍሉ ቢዘጋ ይሻለኛል!» አለች ሰብለ።

አባ ጥሩነህ ጣልቃ ገቡ። «ዓሣም እኮ ፊት አለው። ወደ እኛ አዙራቸው። ሰውዬውን ደግሞ ወደ ጎን።»

ኃላፊው አንድ ሳምንት ሰጠን። ዓሦቹን አዞርኳቸው። የራሴን ጎን ግን መስታወት ሊያሳየኝ ስላልቻለ ሰብለ በስልኳ አነሳችኝ፤ አፍንጫዬን ያኔ ተዋወቅሁት። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ገና ከበሩ «ወይ አንተ አረመኔ!» አሉ ወደ ግድግዳው። ገብቷቸዋል። ክፍሉም ተረፈ፤ ሰብለ አለቀሰች።

ክፍሉ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ገብስ ስጠይቅ፣ ሻጯ ሴትዮ ከጎን አተኩረው አዩኝ።

«ባሕሩን የምታቆሽሸው አንተ ነህ አይደል?»

«ኧረ እትዬ! እኔ ባሕር በዓይኔም አይቼ አላውቅ!»

«አላየኸውማ» አሉ ገብሱን እየሰፈሩ። «ብታየውማ መች ትደፋበት ነበር?»