ከፍ ያለችው ፒካፕ

ይመር አሮጌ ፒካፑን ከፍ ያደረጋት በንዴት ነው።

ደሴ ላይ፣ በእነሱ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ለቅሶ ቤት የምታደርሰው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለችና ሰው ተሰብስቦ ገፋት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አበጋዝ፣ «ይቺ እንኳን ድንኳን፣ ባለቤቷንም አልቻለችው!» ብለው ሰፈሩን አሳቁ። ከዚያ ወዲህ እድሩ ሌላ መኪና ይከራያል። ሰፈሩ የሳቀበትን ረሳ፤ ይመር አልረሳም።

ትልልቅ ቸርኬና ወፍራም ጎማ አስገባላት። ፒካፗ ከአጥር በላይ ታየች። ቁመት ሲጨምር አቅምም አብሮ የሚጨምር የሚመስለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ስንቱ ነው እንዲያ መስሎት ከፍ ያለ ወንበር ላይ የሚወጣው። ዳገቱን ባዶዋን ሲሞክራት ግን ከድሮውም ቀድማ ቆመች።

መካኒኩ እንድሪስ ከሥሯ ገብቶ ሳቀ። «ጫማ ቀየርክላት እንጂ ጉልበት መች ሰጠሃት? ጎማው በተለቀ ቁጥር ለሞተሩ ይከብደዋል።»

«ላውልቀው ታዲያ?»

«ተወው። አሁን ደግሞ ሰው የማያየውን እንቀይር።» የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን አሮጌውን ዲፍረንሻል አውርዶ የከባድ ጭነት መኪና ማርሽ ገጠመላት። «ጉልበት ታገኛለህ፣ ፍጥነት ግን ታጣለህ።»

«ማንን ልቀድም ብዬ!» አለ ይመር። ካለ በኋላ ነገሩ ራሱንም ገረመው።

እትዬ ዘነቡ ያረፉ ዕለት እድሩ የተከራየው መኪና ተበላሸ። ቀባሪው ሳይመለስ ድንኳኑ ዳገቱ አናት ላይ፣ ቤታቸው ደጃፍ መተከል አለበት። ጋሽ አበጋዝ እያፈሩ የይመርን በር አንኳኩ። ይመርም ያውቀዋል፤ ዛሬ ብትቆም ከእንግዲህ ቀና ብሎ የሚሄድበት መንገድ የለም።

ዳኛው ጋቢና አልገቡም። በእግር ሊከተሉ ትልቅ ድንጋይ ታቅፈው ከመኪናዋ ኋላ ቆሙ።

«ለታኮ ነው፤ ወደ ኋላ ከተንሸራተተች ብዬ።»

«ይያዙት ጋሼ፤ በአፍ መወርወሩንም ለምደውት የለ።»

ፒካፗ እያጉረመረመች፣ ዝግ ብላ ወጣች። የዚያን ጊዜ የቆመችበት ቦታ ስትደርስ ይመር ትንፋሹን ዋጠ። አለፈች። በመስታወት ቢያይ ጋሽ አበጋዝ ላብ አጥምቋቸው ይከተላሉ፣ ድንጋዩም እንደታቀፉት ነው። ጥቂት እንደሄዱ ቆም ብለው አዩት፣ ከዚያ ቦይ ውስጥ ጣሉት።

ሮጥ ብለው ሲደርሱበት ይመር ሳያቆም በሩን ከውስጥ ከፈተላቸው።

«ያን ቀን እኔ…» አሉ ቁና ቁና እየተነፈሱ።

«ይግቡ ጋሼ፤ በሩን ይሳቡት፣ ንፋስ ነው።»

ቀባሪው ሲመለስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ጠበቀው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁልቁል ሲመለሱ ጋሽ አበጋዝ ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረጉ።

«ምነው እንዲህ ቀለላት? ድንኳን ይህን ያህል ይከብዳል እንዴ?»

ይመር ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ።

«የወረደው ድንኳኑ ብቻ መሰለዎት?»