አሜን ያልንለት ሜዳ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ጎተራውን ከፍቶ ያየ አይመስለኝም። ዝም ይነቅዛል። እኔ አርባን ተሻግሬ የራሴን ጎተራ ብከፍት፣ «ምን አገባኝ» እያልኩ ያስቀመጥኩት ሁሉ ዱቄት ሆኖ ጠበቀኝ። እናንተም እስቲ ክፈቱት፤ ብቻዬን ልፈር እንዴ?

አገር መውደድ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከጭብጨባ ጋር ከተጋባ ቆይቷል። ያጨበጨበ ወዳድ ነው፤ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ይጠረጠራል፤ «ይህ ነገር ልክ አይደለም» ያለው ግን... ስሙን እናንተው ታውቁታላችሁ። ልጇ ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ «እንዴት ያለ ጭፈራ ነው!» ብላ የምታጨበጭብ እናት ብናይ ምን እንላት ነበር? አገር ላይ ሲሆን እንሸልማታለን።

እንጅባራ ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ ሰፊ የወል ሜዳ አለ። ከብቱና ፈረሱ ይግጥበታል፤ በበዓል ቀን ጋላቢዎቻችን ይፈነጩበታል። ይህን ሜዳ አጥሮ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት የፈለገ ባለሀብት መጣና፣ ነዋሪው እንዲያጸድቅለት አዳራሽ ተጠራን። እኔ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ሰብሳቢው አስቀድሞ ደውሎ «መምህርት፣ ሴቶችን ወክለሽ ድጋፍ ትሰጫለሽ» አለኝ። መጠየቁ አልነበረም፤ መንገሩ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ክፍል ገብቼ «ዜጋ ማለት የሚጠይቅ ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ጠመኔው ገና ከጣቴ አልለቀቀም ነበር።

ስብሰባውን ታውቁታላችሁ። «የሚደግፍ!» ሲባል አዳራሹ የእጅ ጫካ ሆነ። «የሚቃወም?» የሚለውን ግን ሰብሳቢው የሚጠይቀው ወረቀቱን እየሰበሰበ ነው። እጄን አነሳሁ።

«መምህርት፣ ድጋፉን ቆጥረን ጨርሰናል፤ እጅሽን አውርጂው» አለኝ በፈገግታ።

«አሁን ነው ያነሳሁት።»

ፈገግታው ደረቀ። ጎረቤቴ የሺ ነጠላዬን ጎተተችኝ፤ «ተቀመጭ አንቺ! የልጆች እናት አይደለሽ?» የልጆች እናት ስለሆንኩ ነው የቆምኩት። ፈረሱ የት ይግጥ፣ ከብቱስ፣ ማረፊያው ሌላ ቦታ ቢሠራ ምን ይጎድለዋል ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ከእኔ ወደ አዳራሹ ዞረ። «ልማት የሚቃወም ሰው አገሩን አይወድም» አለ።

«እርስዎ የሚሏት አገር የትኛዋ ነች? እኔ የምወዳት ሣር አላት።»

ሳቅ ተነሣ፤ ወዲያው ታፈነ። «በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል!» ጭብጨባ።

ስብሰባ ግን ያለ ምርቃት አይበተንም። አባ አለኸኝ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ ተነሡ። ላልደብቃችሁ፣ ለድጋፍ እጃቸውን ቀድመው ካወጡት አንዱ ናቸው፤ አይቼ አዝኜባቸው ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው በአዊኛ ጀመሩ፤ ከዚያ ሰብሳቢውም እንዲሰማ ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

«ዝናቡን በልክ ያድርግልን።»

«አሜን!»

«ሰውንም ከብቱንም ከበሽታ ይሰውርልን።»

«አሜን!»

«ሜዳችንን ለልጅ ልጅ ያቆይልን። ሊያጥረው የሚነሣውን ክንድ ይያዝልን።»

«አሜን!»

«እምቢ የምትል ሴት አያሳጣን።»

ሰብሳቢው ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ከሁላችንም ጮክ ብሎ «አሜን» ሲል ሰማሁት። ዓይኑን የገለጠው ዘግይቶ ነው። አሜን ደግሞ እንደ እጅ አይወርድም።

ብዙም ሳይቆይ የአጥሩ እንጨት በመኪና መጣ። የሚቆፍር ጠፋ። የተጠየቀው ሁሉ «እንዴ፣ አሜን ብያለሁ እኮ! በገዛ ክንዴ ላይ ልፍረድ?» ይላል። ከዳንግላ ቆፋሪ ሊያመጡ ሞከሩ፤ ወሬው በሚኒባስ ቀድሟቸው ገብቶ ነበር።

አባ አለኸኝን መንገድ ላይ ሳገኛቸው አላስቻለኝም። «አባ፣ እንደኔ በግልጽ ቢቃወሙስ ምን ነበረበት?»

«አንቺ ለሰው ነገርሽ፤ ሰው ጆሮውን ይደፍናል። እኔ ለባለቤቱ ነገርኩ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞስ ልጄ፣ እጅሽ ብቻውን ቆሞ ባላይ ኖሮ እኔም ዝናብ ለምኜ ነበር የምቀመጠው።»

«ብዥታ ለማጥራት» ተብሎ ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። መርሐ ግብሩ በር ላይ ተለጥፏል፦ መክፈቻ፣ ማብራሪያ፣ ውሳኔ፣ መዝጊያ። ምርቃት የለም። አባ አለኸኝም አልተጠሩም። ከምርቃት የሚሸሽ ስብሰባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስድብ ቢፈራ አይገርመኝም ነበር።

ለመመረቅ ሽበት ያስፈልጋል ይባላል። ግንባሬ ላይ ሁለት አሉኝ፤ በነጠላ ሸፍኛቸው የኖርኩ። ሰብሳቢው አፉን ሳይከፍት ነጠላዬን ከራሴ አወረድኩና ቆምኩ። የሺ አጠገቤ ናት፤ ጫፉን ትጎትተዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጎተተችም።

«መምህርት፣ ገና አልጀመርንም» አለ ሰብሳቢው።

«ሳይመረቅማ እንዴት ይጀመራል?» አልኩና መዳፌን ዘረጋሁ። «አገራችንን ከዝምታችን ይጠብቅልን።»

«አሜን!» አለች የሺ፣ ከሁሉም ቀድማ። አዳራሹ ተከተላት።

ሰብሳቢው ከንፈሩን ገጥሞ ዝም አለ። መዳፉ ግን፣ ልማድ ሆኖበት፣ ተዘርግቶ ነበር።